ያልተነካው ብርጭቆ

አቶ ፈቃደ የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ራሳቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል ብሏል፤ የሸሚዛቸው አንገት በላብ ርሷል፤ ትውከት ጉልበታቸው ላይ ደርቋል። ከትንሿ ጠረጴዛ ማዶ ሚስታቸው ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ ብለዋል። በባልና ሚስቱ መካከል አንድ ብርጭቆ አለ። ጥቁር ቡናማ መድኃኒት እስከ አፉ ድረስ ሞልቶታል። ከጎኑ ግማሽ የጎደለ ጠርሙስ፣ ሳህን ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ ኪኒን።

«ይኼ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ቀና ብለው እያዩ። «እስቲ ቀስቅሽልኝ ልጄ። ዘገየብኝ።»

ሴትየዋ ኢንስፔክተር መሰለች ነበረች። የግድያ ምርመራ ከመያዟ በፊት የወጣትነት ዘመኗን የጨረሰችው በጣት አሻራ ክፍል ነው። ከዚያ የቀረላት አመል አልለቃት ብሎ ዛሬም ቢሆን የሰው ፊት ከማየቷ በፊት እጁን ታያለች። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው በዚህች ጠባብ ሳሎን ውስጥም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቁጢጥ ብላ የሟቹን ግራ እጅ አነሣችና ዘረጋችው። የመዳፋቸው ጎድጓዳ ላይ ክብ ቡናማ እድፍ አለ። ጣቶቻቸው ግን ንጹሕ ናቸው። ቀኝ እጃቸውም ንጹሕ ነው።

ረዳቷ ሳጅን ደገፋ ብርጭቆውን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «መርዝ ነው የምል ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው ኢንስፔክተር፣ አልጠጡትም። ጠብታም አልጎደለ፣ ከንፈርም አልነካው።»

«ሌላ ብርጭቆስ?»

«የለም። ማጠቢያው ደረቅ ነው።»

«አንቺ» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ። «ስምሽ ማነው?»

«መሰለች እባላለሁ እናቴ።»

«ጥሩ ስም ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ስምሽ ማነው?»

*

ሬሳውን ያገኘችው የጎን ጎረቤታቸው ሙፊዳ ናት። ጠዋት ጠዋት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁን የምታጥባቸው እሷ ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«ጋሼ ፈቃደን ብጠራቸው ዝም! እትዬ ደግሞ 'ተይው፣ አኩርፎ ነው' ይሉኛል። ያ ረቢ! ሬሳ ፊት ተቀምጠው!»

«እዚህ ቤት ማን ማን ይገባል?»

«እኔና ሁለቱ ልጆች ነን። ልጆቹ ግን አንድ ላይ አይመጡም። ትሕትና ስትገባ ሙሌ ይወጣል።»

«ምን አጣላቸው?»

«የእናታቸው መድኃኒት ነዋ! ትሕትና ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ከኪኒን ሌላ አታምንም። ሙሌ ደግሞ የባህል ካልሆነ ይላል። ይኸን ጥቁሩን ያመጣው እሱ ነው፣ ከበከር...» ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

«በከር ማነው?»

«ወንድሜ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጌጃ ሰፈር መድኃኒት ይሸጣል። ለሙሌ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ኢንስፔክተር፣ በአላህ፣ ወንድሜ ሰው አይገድልም።»

«ገና ምንም አላልኩም። ግድግዳው ስስ ነው አይደል?»

«ስስ ነው እንጂ! ሳል ይሰማል።»

«ጠዋት ጠዋትስ ምን ይሰማል?»

ሙፊዳ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ሳቅ። እትዬ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ ነው የሚውሉት፤ መድኃኒት ሲውጡ ግን ይስቃሉ። ጋሼ እንደ ሰርግ ቤት ሰው ጮክ ብለው 'ይኸው እመቤቴ!' ይላሉ። አንዴ ብቻም አይደለም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ 'ይኸው!' ደግሞ 'ይኸው!' ምን እንደሚያሳዩዋቸው እንጃ።»

*

ልጆቹ ሬሳው ሲወርድ ደረሱ። ትሕትና የፋርማሲ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም፤ ሙሌ የታክሲውን ቁልፍ ጨብጧል። ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ገደልከው!» አለች ትሕትና። «ያንን ጭቃህን አጠጥተህ አባዬን ገደልከው!»

«እኔ? ያመጣሁት ለማዘር ነው፣ ፋዘር ምን አገባው! ይልቅ ያንቺ ኬሚካል ይጠየቅ።»

«ኪኒኗንስ ምን አደረግካት? ለወር የሰጠሁት በወሩ አጋማሽ ያልቃል። ውድ መሆኗን ስላወቅህ ሸጥካት!»

«ጉድ እኮ ነው! አሁን ደግሞ ኪኒን ቸርቻሪ ሆንኩልሽ!»

«እማዬ ግን ካንተ ጋር አንድ ቀን አታድርም። ብሰጥህ በሳምንቱ ትቀብራታለህ።»

«ለአንቺ ብተዋት ሳምንትም አትሞላ።»

እናታቸው ግድግዳውን ተደግፈው ከአንዱ ወደ ሌላው ያያሉ። «እነዚህ ሰዎች ሰክረዋል» አሉ መሰለችን። «ሒሳባቸውን ተቀብለሽ ሸኚያቸው።»

ሙሌ ሳቅ ሊያመልጠው ደርሶ እንባው ቀደመው። መሰለች አየችው። የነገሩ ክብደት ገባት። ይህችን ሴት ለማን ትሰጥ? ከሁለቱ አንዱ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ፣ መሳሳት ማለት ሁለተኛ ሬሳ ማለት ነው።

ትሕትናን ወጥ ቤት ለብቻዋ ወሰደቻት።

«አባትሽ የራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው?»

«አቴኖሎል፣ የደም ግፊት። የልብ ምቱንም ቀነስ ያደርጋል።»

«የእናትሽ ኪኒንስ?»

«ዶኔፔዚል ይባላል፣ የመርሳት በሽታ መድኃኒት ነው። አያድንም እኮ። ለተወሰነ ጊዜ ደገፍ ያደርጋል፣ በቃ።»

«መጠኑን ማን አዘዘው?»

የትሕትና እጅ ወደ ጋውኗ ኪስ ገባ። መሰለች እጁ ሲገባ አየች። «ሐኪሙ ትንሹን ነበር ያለው። ለውጥ ሳጣ... ትልቁን አመጣሁላት።»

«ሐኪሙን ሳትጠይቂ?»

«ሳልጠይቅ።»

«ለውጥ መጣ?»

«ግንቦት ላይ መጣ። ለልደታ ሰሞን አንድ ጠዋት 'ፈቃደ' ብላ ጠራችው። በስሙ! ማን እንደሆነ ከጠፋት ስንት ጊዜው! አባዬ ደወለልኝና 'ያንቺ ኪኒን ሠራ' አለኝ። እንደዚያን ቀን ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።»

ሙሌ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። መሰለች አጠገቡ ተቀመጠች።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴን በደህናዋ ጊዜ ቢያውቋት ኖሮ! ሰፈሩ ሳይፈርስ የወርቅአፈራሁ ጠጅ ቤት ሲባል ልደታን ያናጋል። ፋዘር ቀያሽ ነበር፤ መሬት ሊለካ መጥቶ ከፀሐይ ሊጠለል ገባ፣ በዚያው ቀረ። ሕጓ ደግሞ ሕግ ነው! ጎደሎ ብርሌ ለሰው አይቀርብም። ሳይቀምስ ያቀረበ አሳላፊ የዚያኑ ዕለት ይባረራል። እኔን ልጇን ሁለቴ አባራኛለች።»

«አሁንስ?»

«አሁን ስሜንም አታውቅ። በበከር መድኃኒት ግን ተስፋ ነበረን። ግንቦት ላይ ፋዘር ደወለልኝና 'ሙልዬ፣ ያንተ መድኃኒት ሠራ!' አለኝ።»

መሰለች ዞር ብላ አየችው። «ላንተም እንደዚያ አሉህ?»

«ለኔም ማለት?»

መሰለች ተነሥታ ደረጃውን ወረደች።

*

በከርን ሱቁ በራፍ ላይ ሙቀጫ ይዞ ነው ያገኙት፤ ወፍራም፣ ወሬ የማይጠግብ ሰው። ፖሊስ መሆናቸውን ሲያውቅ ድምፁን ይበልጥ ከፍ አደረገው፣ ሰፈሩ ይስማ ብሎ።

«ውስጡ ምንድን ነው ትይኛለሽ? የአባቴ መድኃኒት ነው! ለእህቴ ለሙፊዳ እንኳ አልነግራት።»

«ለፖሊስስ?»

«ለፖሊስማ የባሰ! ዛሬ ነግሬሽ ነገ ባልሽ ሱቅ ሊከፍት?»

«ባል የለኝም።»

«እንግዲያው እሱንም የሚያመጣ አለኝ» ብሎ ሳቀ። መሰለች ቡናማ ቀለም የነካውን እጁን ታያለች። ሳቁ ቀስ በቀስ ከሰመ። «ሥር ነው፣ በማር የተበጠበጠ። የሰው ሐሳብ የሚበተነው ልቡ ሲጣደፍ ነው። የኔ መድኃኒት ልብን ያበርደዋል፣ ሐሳብ ይሰበሰባል።»

«ልብን ያበርዳል።»

«ያበርዳል!» አለ በኩራት።

«እጅህ ላይ ያለው ቀለም ይለቃል?»

«በሳሙናም አይለቅ። ቀናት ይፈጃል።»

«ለሙሌ ስትሸጥለት ሌላ ኪኒን ይወስዳሉ ወይ ብለህ ጠየቅኸው?»

በከር ሙቀጫውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ከሐኪም ተደብቆ ነው። ሐኪም ቤት ሲሄድ ደግሞ ከኔ ተደብቆ። ብጠይቀው ይዋሸኛል። እኔም ጠይቄ ገበያዬን አላባርርም።» ከዚያ በዝግታ፣ «ታስሪኛለሽ?»

«እንጃ» አለች።

ሲመለሱ የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለ። የመታነቅም የድብደባም ምልክት የለም። ሰውየው ልባቸው ቀድሞም ደካማ ነበር፤ ምቱ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ የቆመ ይመስላል። ትውከቱና ላቡም ከዚያ ጋር ይሄዳል። የልብ ምት የሚቀንስ ነገር ወስደው እንደሁ ጠይቁ አለ።

*

በሠልስቱ ጠዋት መሰለች ወደ ለቅሶ ቤቱ ወጣች። ሙፊዳ በሩ ላይ ተቀበለቻት፤ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ እየሞቱብን ነው። ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ውኃ እንኳ በወጉ አልወረደላቸውም። ሾርባውን ደፉት። ትሕትና አፋቸውን ይዛ በማንኪያ ሞክራ ነከሷት። ሐኪም መጥቶ በዚህ ከቀጠሉ አይሰነብቱም አለ። ልጆቹ ደግሞ ይኸው ወደኔ ወደኔ እየተባባሉ ነው።»

መሰለች ውኃ ቀድታ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አጠገብ ተንበረከከች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ብርጭቆውን አዩና ወደ እጇ ዓይናቸውን ጣሉ፤ ጠበቁ። መሰለች አቀረበችላቸው። እጇን ቀስ ብለው ገፉት፣ ደግመው ጠበቁ።

«አዲስ ነሽ መሰለኝ» አሉ ያለ ቁጣ። «ሥራ አላስተማሩሽም?»

ኢንስፔክተር መሰለች ብርጭቆውን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች። የራሷን ግራ መዳፍ ዘርግታ ጎድጓዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለደገፋ ምልክት ሰጠችው።

«ሁሉንም ጥራልኝ። በከርንም አምጣው።»

*

ለቀስተኞቹ ኮሪደር ላይ ቆዩ። ሳሎኑ ውስጥ ልጆቹ፣ ሙፊዳና በከር ብቻ ገቡ። በከር ጫማውን አውልቆ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሙሌ ቀና ብሎም አላየው። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የባላቸው ወንበር ላይ ነበሩ።

«አቶ ፈቃደ ያንን ብርጭቆ በአፋቸው አልነኩትም» አለች መሰለች። «የሞቱት ግን ብርጭቆው ውስጥ በነበረው ነው። ሦስት ቀን ያደከመኝ ይኼ ነው። ሙሌ፣ እናትህ ቤት አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?»

«ይቀምሳላ።»

«በምን? በደንበኛው ብርሌ?»

«ኧረ! ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ነው እንጂ...» ሙሌ የገዛ እጁን አየ። አልጨረሰውም።

«የአባታችሁ ግራ መዳፍ ጎድጓዳ ላይ የበከር መድኃኒት ቀለም ነበር። ጣታቸው ላይ የለም፤ ስለዚህ አልፈሰሰባቸውም። በሽታው እናታችሁን ስም አስረሳቸው፣ ልጅ አስረሳቸው። የጠጅ ቤታቸውን ሕግ ግን አልነካውም። ያልተቀመሰ ነገር አይጠጡም። አባታችሁ እንደ አሳላፊ ቆመው፣ 'ይኸው እመቤቴ' ብለው ቀምሰው ነበር የሚሰጧቸው። እናታችሁም ይስቃሉ። ሙፊዳ በግድግዳው የሰማችው ይህን ነው።»

«ደጋግመው ነበር እኮ የሚሉት» አለች ሙፊዳ።

«ደጋግመው፣ አዎ። ምክንያቱም ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ መቀመሱን ይረሱታል። ብርጭቆው እጃቸው ሳይደርስ 'ቅመስልኝ' ይላሉ፤ አባታችሁም ይቀምሳሉ፤ የጎደለውን ከጠርሙሱ ይሞሉታል፣ ጎደሎ አይቀርብማ። ብርጭቆው ሙሉ ሆኖ የቆየን ለዚህ ነው። ኪኒኗንም እንዲሁ በእናታችሁ ፊት ይውጧታል። ትሕትና፣ ወንድምሽ አልሸጠም። ኪኒንሽ ቶሎ ያልቅ የነበረው ሁለት ሰው ስለሚውጣት ነው።»

ትሕትና አፏን በእጇ ያዘች።

«ቆይ» አለ ሙሌ። «ፋዘር የሷን ኪኒን ትቼዋለሁ፣ ያንተን ብቻ ነው የምሰጣት ብሎኝ ነበር።»

«እኔንም...» አለች ትሕትና። «ያንተን ደፋሁት ብሎኛል።»

«ሁለታችሁንም ላለማስቀየም ሲሉ ሁለቱንም አብረው ይሰጧቸው ነበር። ግንቦት ላይ ስማቸው ሲጠራ ደግሞ ለአንቺ ያንቺ ሠራ፣ ላንተ ያንተ ሠራ ብለው ደወሉ። የትኛው እንደሠራ አላወቁም። ምናልባት የትኛውም አልሠራ ይሆናል። ስለዚህ አንዱንም መተው ፈሩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላቋረጡም።»

«እማዬ ግን ያንኑ እየወሰደች ምንም አልሆነችም» አለች ትሕትና። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን መልሱ ፊቷ ላይ ነበር። ጋውን ለብሳ ለስንቱ ደንበኛ ያስረዳችው ነገር ነው። «አቴኖሎሉ...»

«አቴኖሎሉ። እናትሽ እሱን አይወስዱም፣ ልባቸውም ደህና ነው። የአባትሽን ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«የእማዬም ኪኒን ልብ ያዘገያል። ልብ የሚያዘገይ ላይ ልብ የሚያዘገይ። በዚያ ላይ ትልቁን ኪኒን ያመጣሁት እኔ።» ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ይውጠዋል ብዬ እንዴት ላስብ? ይውጠዋል ብዬ...»

በከር ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። «ሦስተኛው የኔ ነው» አለ። ሱቁ በር ላይ ከነበረው ድምፅ ይህ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ሽማግሌው ደካማ ልብ እንዳላቸው የሚነግረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁ።»

«ታዲያ ገዳዩ ማነው?» አለ ሙሌ። አጠያየቁ ልመና ይመስላል። አንድ ሰው ቢጠቁሙለት፣ ራሱም ቢሆን፣ የሚገላገል ይመስል።

«በሕግ የማስረው ሰው የለኝም» አለች መሰለች። «ሦስታችሁም የየራሳችሁን ይዛችሁ መጣችሁ፣ እሳቸው ደባለቁት። መደባለቁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተቀብሯል።»

ከዚያ ትሕትና ብድግ አለች። ፊቷ ላይ ድንገት አንድ ነገር በራ፤ መሰለች ያ ብርሃን እንደማይቆይ እያወቀች ዓይኗን ዞር አደረገች።

«ሕጉ ይኼ ከሆነማ እኔስ እቀምስላት የለ!»

ንጹሕ ውኃ በብርጭቆ ሞልታ መጣች። ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። «ይኸው እመቤቴ!» አለች።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ብርጭቆውን አዩ፣ እጇን አዩ፣ ፊቷን አዩ። «አንቺን ማን ቀጠረሽ?»

ሙሌ ብርጭቆውን ተቀበላት። የጎደለውን ሞልቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በልጅነቱ እንደተማረው አድርጎ ቀመሰ። «ይኼ ልጅ መልኩ ደህና ነው» አሉ። «ግን አላውቀውም።» ሙፊዳ ሞከረች። መሰለችም ሞከረች፤ ከሥራዋ ውጭ መሆኑን እያወቀች። በከር ከበሩ ሥር ተነሣና መልሶ ተቀመጠ።

ብርጭቆው እንደሞላ ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሁሉንም በየተራ አዩ፤ የሰው ፊት እንደሚያውቅ የቤት ባለቤት ፈገግ አሉ። «አትቀየሙኝ፣ ሁላችሁም ደጋግ ትመስላላችሁ። እዚህ ቤት ለኔ የሚቀምሰው ግን አንድ ሰው ነው።» የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው፣ ዝንብ እንዳይገባበት፣ ብርጭቆውን ሸፈኑት። «ፈቃደ ይመጣል። እሱ ይቀምስልኛል።»

ስሙን በትክክል ነበር የጠሩት። ስልክ አንሥቶ «ሠራ» የሚል ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።